ቁጥሩ በማን ጣት ተለካ?

ደም ቀለሙን የሚለዋውጠው በሚይዘው ኦክስጅን ልክ መሆኑ ከታወቀ 160 ዓመት አልፎታል። በ1864 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር ለደም ቅላቱን የሚሰጠውን ነገር ሄሞግሎቢን ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት አየርላንዳዊው ጆርጅ ስቶክስ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን በተለያየ መንገድ እንደሚውጥ አሳየ። ኦክስጅን የጠገበ ደም ደማቅ ቀይ ሲሆን የጎደለው ደም ይጠቁራል። እንግዲህ አንድ ሰው ብርሃን በሥጋ ውስጥ አሳልፎ የወጣውን መለካት ቢችል፣ ቆዳ ሳይቀደድና ደም ሳይቀዳ የኦክስጅኑን መጠን ማወቅ ይችላል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ተግባር ሆኖ በየሆስፒታሉ ጣት ቆንጥጦ ቁጥር የሚያሳየው ፐልስ ኦክሲሜትር እስኪሆን ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ታሪኩን ከመጀመሪያው የምተርከው አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፤ የሕክምና መለኪያ ትክክለኛነት ከአምፖሎቹና ከሽቦዎቹ ጋር አብሮ በተፈተነባቸው ሰዎች ይወሰናል። ማን እንደተፈተነበት የመሣሪያው አንድ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲጎድል ደግሞ ጉድለቱ በዓይን አይታይም፤ ቁጥሩ ልክ እንደ ትክክለኛው ቁጥር ደምቆ ይበራልና።

መጀመሪያ የተለካው ጆሮ ነበር። በ1935 ጀርመናዊው ካርል ማቴስ በሁለት ዓይነት የብርሃን ቀለም የጆሮን ጫፍ አብርቶ የደሙን የኦክስጅን ሙሌት የሚከታተል መሣሪያ ሠራ። ሁለት ቀለም ያስፈለገው አንዱ ለኦክስጅኑ ለውጥ ሲንቀሳቀስ ሌላው ማመሳከሪያ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጉዳዩ የአብራሪዎች ጉዳይ ሆነ፤ አውሮፕላኖች አየር ወደሚሳሳበት ከፍታ ሲወጡ አብራሪው ራሱን የሚስትበትን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። የኖቤል ተሸላሚው የሮበርት ሚሊካን ልጅ ግሌን ሚሊካን ለዚሁ ሥራ ቀላል የጆሮ መለኪያ ሠርቶ ኦክሲሜትር የሚለውን ስም ሰጠው። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1947፣ ጁልየስ ኮምሮና ስቴላ ቦቴልሆ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሐኪሞችን የሚያስደነግጥ ውጤት አወጡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሐኪሙ የሚተማመነው በዓይኑ ነበር፤ የበሽተኛው ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ኦክስጅን አነሰው ይላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች የፈቃደኞችን ኦክስጅን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ተመልካቾች ለውጡን መቼ እንደሚያዩ መዘገቡ። አብዛኞቹ ተመልካቾች ሙሌቱ ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ ድረስ በእርግጠኝነት አላዩትም፤ በዚያ ደረጃ ያለ በሽተኛ ደግሞ ከባድ አደጋ ላይ ነው። የቆዳው ቀለም በጠቆረ ሰው ላይ ይህ የዓይን ምርመራ የባሰ አስቸጋሪ እንደሚሆን ማንም ይገምታል። የመሣሪያው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይን የማያየውን ለማየት ተሠራ።

የጆሮው መለኪያ ግን ብዙ ጣጣ ነበረበት። ብርሃኑን የሚውጠው የምንፈልገው ደም ብቻ አልነበረም፤ ቆዳውም፣ ሥጋውም፣ በደም መልስ የሚመለሰው ያገለገለ ደምም ይውጠዋል። በሜዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ኤርል ውድ በ1940ዎቹ መጨረሻ ጆሮውን በአየር ግፊት ጨምቆ ደሙን ካስወጣ በኋላ ያለ ደም ያለውን የብርሃን መጠን መነሻ አድርጎ መለካት ጀመረ። በ1960ዎቹ የሳን ፍራንሲስኮው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሮበርት ሾው ስምንት የብርሃን ዓይነቶችን የሚጠቀም መሣሪያ ነደፈ፤ ሄውሌት-ፓካርድ ኩባንያ በ1970ዎቹ ለገበያ አቀረበው። ስምንቱ ብርሃኖች ከሄሞግሎቢን ሌላ ያሉትን ብርሃን ዋጮች፣ ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ ቀለም ጭምር፣ ለይቶ ለማውጣት ይረዱ ነበር። መሣሪያው ውድና ከባድ ነበር፤ ጆሮ ላይ የሚደረገው ክፍል ትልቅ በመሆኑ ከሳንባና ከእንቅልፍ ምርምር ክፍሎች ብዙም አልወጣም፤ ኋላም ከገበያ ጠፋ። ይህን ልብ ይሏል፤ የቆዳ ቀለም በብርሃን መለኪያ ላይ ችግር እንደሚፈጥር ከ50 ዓመት በፊት መሐንዲሶች ያውቁ ነበር፤ አስበውበትም ነበር።

የታሪኩ መታጠፊያ የመጣው ከጃፓን ነው። ታኩዎ አኦያጊ በኒሆን ኮህደን ኩባንያ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሆን በ1972 ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ልብ በደቂቃ ምን ያህል ደም እንደምትረጭ፣ በደም ውስጥ የተጨመረ ቀለም ሲቀጥን በጆሮ ላይ በብርሃን በመከታተል መለካት። የሚያስቸግረው የልብ ትርታ ነበር፤ ደሙ በመጣ ቁጥር የብርሃኑ መስመር ከፍና ዝቅ ይልና ልኬቱን ያበላሽበታል። አኦያጊ ይህን መንቀጥቀጥ ለማጥፋት ሁለት የብርሃን ዓይነቶችን ማመሳከር ሞከረ። ተሳካለት፤ ነገር ግን የኦክስጅኑ መጠን ሲለወጥ መንቀጥቀጡ ተመልሶ እንደሚመጣ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ እንቅፋት ይቆጥረው ነበር። እሱ ግን ሊያጠፋው የፈለገው ነገር ራሱ ሰው ሁሉ ሲፈልገው የኖረው መሆኑን ተረዳ። ቆዳ አይርገበገብም፣ አጥንት አይርገበገብም፣ የደም መልስ ደም በልብ ምት ልክ አይዘልም፤ ልብ በመታች ቁጥር የሚጨምረውና የሚቀንሰው በደም ቅዳ የሚመጣው ትኩስ ደም ነው። ስለዚህ ከሚርገበገበው ክፍል ብቻ የቀይና የኢንፍራሬድ ብርሃንን ጥምርታ ከወሰድን፣ ጆሮ መጭመቅም መነሻ ማስተካከልም ሳያስፈልግ የደም ቅዳውን ኦክስጅን እናገኛለን። አኦያጊ 630 እና 900 ናኖሜትር የሆኑ ብርሃኖችን መረጠ። በ1974 የጸደይ ወራት ኩባንያው የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ሥራውም በጃፓን የሕክምና ኤሌክትሮኒክስ ጉባኤ ላይ ቀረበ። ከኒሆን ኮህደን ማመልከቻ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚኖልታ የተባለው ሌላ የጃፓን ኩባንያ በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ማመልከቻ አስገባ፤ በ1977ም በጣት ላይ የሚሆን መሣሪያ አወጣ። የአኦያጊ ኩባንያ ግን ከመጀመሪያው ሞዴል በኋላ ሥራውን አቆመው፤ እሱም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው ወደ ምርምሩ የተመለሰው። ስሙ በዓለም እንዲታወቅ ከረዱት መካከል የካሊፎርኒያው ጆን ሰቨሪንግሃውስ ይገኛል፤ እሱም ጃፓናዊው ዮሺዩኪ ሆንዳም በ1987 በጻፉት የታሪክ ጽሑፍ ባለቤቱን አስታወቁ።

በአሜሪካ ባዮክስና ኔልኮር የተባሉ ኩባንያዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤልኢዲ በሚባሉ ጥቃቅን መብራቶችና በኮምፒዩተር ቺፕ መሣሪያውን አሳንሰው አረከሱት። የስታንፎርድ የማደንዘዣ ሐኪም ዊልያም ኒው ካቋቋሙት አንዱ የሆነበት ኔልኮር ድምፅ ጨመረበት፤ ሙሌቱ ሲወርድ የድምፁ ቃና አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ዓይኑን ከበሽተኛው ሳያነሳ በጆሮው ይከታተላል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ክርክሬ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። የሁለቱ ብርሃን ጥምርታ በራሱ መቶኛ አይሰጥም። ብርሃን በሥጋ ውስጥ በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ ይበተናል፣ ይንገላታል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ያለው ንጹሕ ቀመር ከእውነተኛው ጣት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አምራቾች ቀመሩን በሰው ላይ በተገኘ ሰንጠረዥ ተኩት። ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞች ወደ ላቦራቶሪ ይመጣሉ፤ የእጃቸው ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ የሚተነፍሱት አየር ኦክስጅኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፤ በየደረጃው ደም ተቀድቶ በላቦራቶሪ መሣሪያ ይለካል፤ በዚያው ቅጽበት ጣት ላይ ያለው መሣሪያ ያገኘው ጥምርታ አጠገቡ ይመዘገባል። ከዚህ ሁሉ አንድ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩም በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ጣት ላይ መሣሪያው 94 ሲል የሚናገረው “በላቦራቶሪያችን ይህን ዓይነት ጥምርታ ያሳዩ ሰዎች ደማቸው 94 ነበር” ማለቱ ነው። ከ70 በመቶ በታች ሰውን ማውረድ አደገኛ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው ግምት ነው። የገበያ ሚዛን የቱን ያህል ቢረቅ ድንጋዩ ከጎደለ የመዘነው ሁሉ ይጎድላል፤ የኦክሲሜትር ድንጋይ እነዚያ ፈቃደኞች ናቸው።

መሣሪያው ግን በፍጥነት ተስፋፋ፤ መስፋፋቱም ተገቢ ነበር። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ1986 ባወጣው የክትትል ደንብ አበረታታው፤ በ1990 ግዴታ አደረገው። በእነዚያ ዓመታት በማደንዘዣ ምክንያት የሚመጣ ሞት በሀብታም አገሮች በጣም ቀነሰ። የመቀነሱ ምክንያት ይህ መሣሪያ ነው ብሎ መደምደም ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሥልጠናውም፣ መድኃኒቱም፣ ሌላው መሣሪያም አብሮ ተሻሽሏል። በዴንማርክ የተደረገና በ1993 የታተመ ትልቅ ጥናት 20,802 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ኦክሲሜትር የተደረገላቸውንና ያልተደረገላቸውን አነጻጸረ። መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን ከሌላው ቡድን በብዙ እጥፍ አበልጦ ቢያገኝም፣ በአጠቃላይ ችግርና ሞት ቁጥር ላይ ልዩነት አልታየም። አንዳንዶች ይህን ይዘው የመሣሪያው ጥቅም የተጋነነ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በደንብ በሚከታተሉ የዴንማርክ ሆስፒታሎች ሞት አስቀድሞ ብርቅ ነበር፣ ብርቅ ነገርን ደግሞ 20,000 ሰውም ቢሆን ላያሳይ ይችላል። ከጥናቱ የማወጣው ትምህርት ሌላ ነው። ዓለም መሣሪያውን የተቀበለው ሞትን እንደሚቀንስ በጥናት ስለተረጋገጠ ሳይሆን ቁጥሩ ስላሳመነው ነው። የሚታመን ቁጥር አንዴ ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ ቁጥሩ ለማን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ጊዜ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄውን የጠየቁ ግን ነበሩ። መሣሪያው በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ግዴታ በሆነበት በዚያው በ1990፣ አማል ጁብራንና ማርቲን ቶቢን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉ በሽተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ጥያቄያቸው የሐኪም ጥያቄ ነበር፤ ኦክስጅኑን እያስተካከልኩ መሣሪያው ስንት ሲያሳይ ልተማመን? ለነጮች 92 በመቶ በቂ ሆኖ ተገኘ። ለጥቁር አሜሪካውያን ግን 92 የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነተኛ እጥረትን ይደብቅ ነበር፤ 95 ላይ ማቆም ያስፈልጋል አሉ። ከ4 ነጥብ በላይ የሳተው ልኬት በጥቁሮቹ 27 በመቶ፣ በነጮቹ 11 በመቶ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የታተመው ግን የልብና የሳንባ ሐኪሞች ሁሉ በሚያነቡት ‘ቼስት’ መጽሔት ላይ ነው። አንድም ደንብ አልተለወጠም።

ይኸው የጣት መለኪያ ወደ ሰሜን ተራሮችም ወጥቶ ነበር። ሲንቲያ ቢል የመራችው የአንትሮፖሎጂ ቡድን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ የኦክስጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚመሳሰል መሆኑን በ2002 አሳተመ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም ይወፍራል፣ የቲቤቶቹ ሙሌት ይወርዳል፣ ደገኞቹ ኢትዮጵያውያን ግን ሁለቱም አልሆነባቸውም፤ ሦስተኛ መንገድ ተገኘ ተባለ። ግኝቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ ሄሞግሎቢኑም የተለካው ከተቀዳ ደም ስለሆነ የጣቱ መሣሪያ አይነካውም። ሆኖም ከላይ የተረክሁትን ያነበበ ሰው 95.3 የሚለውን ቁጥር ሲያይ መጠየቅ አለበት፤ የመሣሪያው ሰንጠረዥ የተሠራው እነዚህን በሚመስሉ ሰዎች ላይ ነበር ወይ? በዚህ ከፍ ባለ ሙሌት ላይ ስህተቱ ትንሽ ስለሚሆን ግኝቱን ያፈርሳል ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ማለትም አልፈልግም። ግን አንድም ነጥብ ይሁን ሁለት፣ ሕዝብን ከሕዝብ ስናወዳድር የመለኪያው አድልዎ የሕዝቡ ተፈጥሮ ሊመስል ይችላል። በሐኪም ቤት የሚያደርሰው ጉዳት በሳይንስም ውስጥ ይገባል ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ከራሱ ከላቦራቶሪው መጣ። የሰቨሪንግሃውስ ቤት የሆነው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ላቦራቶሪ ለብዙ አምራቾች መሣሪያ የሚፈትሽ ነው። በ2005 ፊሊፕ ቢክለር፣ ጆን ፋይነርና ሰቨሪንግሃውስ 11 ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውንና 10 ነጣ ያሉ ጤነኛ ፈቃደኞችን በሦስት ዓይነት መሣሪያ ለኩ። ሙሌቱ ዝቅ ባለ መጠን መሣሪያዎቹ ጠቆር ያሉትን ከእውነተኛው በላይ ይሰጧቸው ነበር፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ ባለው ክልል የሦስቱ መሣሪያዎች አማካይ ስህተት ከ3 ነጥብ በላይ ሆነ። በ2007 በ36 ሰዎች ደግመውት ውጤቱ ጸና። የአኦያጊ ሐሳብ እውነት ከሆነ የማይርገበገብ ቆዳ ከሒሳቡ መሰረዝ አልነበረበትም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በወረቀት ላይ ይሰረዛል። ነገር ግን ኤልኢዲው አንድ ጥርት ያለ ቀለም አያወጣም፤ ተቀራራቢ የሆኑ ቀለማትን አንድ ላይ ይለቃል፤ ሜላኒን ደግሞ ቀዩን ከኢንፍራሬዱ ይበልጥ፣ ከቀዩም አጭር ሞገድ ያለውን ይበልጥ ይውጣል። ስለዚህ ደሙ ጋ የሚደርሰው ብርሃን ከኤልኢዲው የወጣው ብርሃን አይደለም። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው። የሚመለሰው ምልክትም ይደክማል። ይህ ሁሉ ሊስተካከል የማይችል የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ሲሠራ በቂ የጠቆሩ ጣቶች ቢኖሩበት ከስህተቱ ብዙው ይታይና ይታረም ነበር።

በዚህ መካከል መሣሪያው ድሃ አገሮች መድረስ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት ዝርዝር ኦክሲሜትር በታካሚው ላይ መሥራቱን አረጋግጡ ይላል። በ2010 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በዓለም 77,700 ያህል የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያለዚህ መሣሪያ እንደሚሠሩ ገመተ። በቀጣዩ ዓመት ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ይህን ክፍተት ለመሙላት ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያ ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትሪን ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ጀመረ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሳንባ ምች ይዞት የሚያቃስት ሕፃን ኦክስጅን ይፈልግ እንደሆነ በዓይን ብቻ ከመገመት፣ ጥቂት ነጥብ የሚስት መሣሪያም እጅግ ይሻላል። የመሣሪያውን ጉድለት ስናገር “እንግዲያው ይቅር” የሚል ድምዳሜ የሚያወጣ ካለ ክርክሬን በግልባጩ ወስዶታል። መሣሪያው ሕይወት የሚያድን ስለሆነ ነው የሚያሳየው ቁጥር እውነት እንዲሆን የምንጠይቀው።

በ2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአምራቾች መመሪያ አወጣ። ፈተናው ቢያንስ በ10 ሰዎች ላይ 200 ልኬቶች ይኑሩት፤ ከተፈተኑት ቢያንስ 2 ወይም 15 በመቶው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ይሁኑ አለ። ከዚያ በፊት ከነበረው ልማድ ጋር ሲነጻጸር እርምጃ ነበር፤ ግን ሒሳቡን እንመልከት። የመሣሪያው ትክክለኛነት የሚመዘነው የሁሉም ሰዎች ስህተት አንድ ላይ ተደምሮ በሚገኝ አማካይ ነው፤ አማካዩ 3 ነጥብ አካባቢ ካላለፈ መሣሪያው ያልፋል። ስምንቱ ላይ ስህተቱ ትንሽ፣ ሁለቱ ላይ ትልቅ ቢሆን የሁለቱ ስህተት በስምንቱ ደኅንነት ውስጥ ይሟሟል። ፈተናው ጠቆር ያሉ ሰዎችን ጠርቷል፤ የእነሱን ውጤት ለብቻው እንዲያሳይ ግን አልተገደደም። ሁለት ሰው ደግሞ ለብቻው ቢታይ እንኳ ምንም አይመሰክርም። እዚህ ላይ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ደንቡ በቅንነት ተጻፈ፣ ላቦራቶሪዎቹ በደንቡ ሠሩ፣ መሣሪያዎቹ ፈተናውን አለፉ፤ ጉድለቱም ሕጋዊ ሆኖ ገበያ ገባ።

ጉዳዩን ከመጽሔት መደርደሪያ ያወረደው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። በ2020 ሰዎች የጣት መለኪያ ገዝተው ቤታቸው አስቀመጡ፤ ቁጥሩ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ብቻ ወደ ሆስፒታል እንዲመጡ የተነገራቸው ብዙ ነበሩ። በኦገስት ወር የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም አንትሮፖሎጂስት ኤሚ ሞራን-ቶማስ በቦስተን ሪቪው ላይ የእነዚያን አሮጌ ጥናቶች ታሪክ አውጥታ ጻፈች። ጽሑፉን ካነበቡት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መካከል ማይክል ሾዲንግና ባልደረቦቹ ያላቸውን የሆስፒታል መዝገብ ከፈቱ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተወሰዱ የጣት ልኬትና የደም ልኬት ጥንዶችን አመሳከሩ። በዲሴምበር 2020 የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ፣ ማለትም ደኅና የሚባል ቁጥር፣ ካሳያቸው መካከል እውነተኛው ሙሌት ከ88 በታች የሆነባቸው ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ፤ ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። በብዙ ሆስፒታሎች የፅኑ ሕሙማን ክፍሎች በተሰበሰበ ሁለተኛ መረጃም ልዩነቱ ተደገመ፤ 6.2 ከ17.0። በ2022 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ይህ ስህተት ወረቀት ላይ እንደማይቀር አሳዩ፤ በኮሮና የታመሙ ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ሕክምና እንደሚገባቸው የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ለአንዳንዶቹም ጨርሶ አልታወቀም።

በእነዚህ ጥናቶች ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም፤ በቁም ነገር መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው እነዚህ ጥናቶች የለኩት የሰውየውን ቆዳ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ዘር ነው ይላል። እውነት ነው፤ የሀበሻ ቤተሰብም ይህን በደንብ ያውቃል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር የሚባሉ ወንድማማቾች ይቀመጣሉ፤ ሚኒሶታ ወይም ሜሪላንድ ሆስፒታል ሲገቡ ግን አራቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ይመዘገባሉ። ይህ መደበላለቅ ግን ውጤቱን ያደበዝዘዋል እንጂ አይፈጥረውም፤ ቀላ ያሉትን ከጠቆሩት ጋር ደባልቀን እንኳ ሦስት እጥፍ ካየን፣ ቆዳው ራሱ ቢለካ ልዩነቱ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሁለተኛው የታመመ ሰው እጁ ይቀዘቅዛል፣ የደም ዝውውሩ ይደክማል፣ ስህተቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል ይላል። ይሁን፤ ግን ጤነኛ ፈቃደኞች በላቦራቶሪ በተለኩባቸው የ2005 እና የ2007 ጥናቶች ቀዝቃዛ እጅም የመዝገብ ስህተትም አልነበረም፤ ስህተቱም የሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው። ላቦራቶሪውና ሆስፒታሉ በተለያየ ድካም የሚሠቃዩ ማስረጃዎች ናቸው፤ አንድ ቦታ ደርሰው ሲገናኙ ድካማቸው ብቻውን አያብራራውም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚሰማው ተቃውሞ ሁለት ሦስት ነጥብ ምንድን ነው የሚል ነው። የኦክስጅን ሙሌት ግን እንደ ሙቀት መጠን በእኩል እርምጃ የሚወርድ ነገር አይደለም። ሄሞግሎቢን ከ90 በመቶ በላይ ሳለ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብዙ ቢቀንስም ቁጥሩ ጥቂት ይወርዳል። ከ90 በታች ግን ሜዳው ያልቅና ገደሉ ይጀምራል፤ ትንሽ ተጨማሪ ጉድለት ቁጥሩን ብዙ ያወርደዋል። ሐኪሞች የሚወስኑት በትክክል በዚህ ጠርዝ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለታመመ ሕፃን ኦክስጅን የሚያዝዘው ከ90 በታች ሲወርድ ነው። በጠርዝ ላይ ሦስት ነጥብ የሚያሳስት መሣሪያ ሕፃኑን ኦክስጅን ካለበት ክፍል ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል።

ከ2021 ጀምሮ ነገሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከጁብራንና ቶቢን ጥናት 31 ዓመት በኋላ። በፌብሩዋሪ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ሊስት እንደሚችል ለሕዝብ አስታወቀ፤ በ2022 እና በ2024 የባለሙያ ጉባኤ ጠራ። እንግሊዝ በማርጋሬት ኋይትሄድ የሚመራ ገለልተኛ ቡድን አቋቁማ በማርች 2024 በሕክምና መሣሪያዎች ያለውን አድልዎ የሚመለከት ዘገባ አወጣች። አኦያጊ ይህን አላየም፤ በኤፕሪል 2020 በ84 ዓመቱ አርፏል። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ይደክም የነበረው በሰዎች ላይ በተሰመረ ሰንጠረዥ ፋንታ በብርሃን ቲዎሪ ላይ የቆመ፣ ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን የሚጠቀም መሣሪያ ለማግኘት ነበር፤ የራሱን ፈጠራ ደካማ ጎን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር ለማለት እደፍራለሁ። በጃንዋሪ 2025 የወጣው የአሜሪካው ረቂቅ መመሪያ የተፈታኞቹን ቁጥር ከ10 ወደ 150 እና ከዚያ በላይ አሳድጎ፣ የቆዳው ቀለም በመዝገብ ዘር ሳይሆን ሞንክ በሚባለው ባለ አሥር ደረጃ መለኪያና በብርሃን መሣሪያ እንዲለካ፣ ቢያንስ ሩቡ ከጠቆረው የመጨረሻው ክፍል እንዲሆን፣ ውጤቱም በቆዳ ቀለም ተለይቶ እንዲታይ ይጠይቃል። ወጪውን ያበዛዋል የሚል ተቃውሞ አለ። በእርግጥ ያበዛዋል፤ ግን ያ ወጪ ዛሬም ይከፈላል፤ የሚከፍለው ግን ቁጥሩ የዋሸው በሽተኛ ነው።

ረቂቁ ለሕክምና የሚውሉትን መሣሪያዎች ይመለከታል እንጂ በየሱቁ “ለጤና ክትትል” ተብለው የሚሸጡትን አይነካም፤ አስቀድሞ በየሆስፒታሉ ያሉትንም አይለውጣቸውም። ለዚህ ነው ጉዳዩ ዋሽንግተን ላይ የማያልቀው። መሣሪያውን በጨረታ የሚገዛ አገር ዋጋውን፣ የባትሪውን ዕድሜና የመለዋወጫውን አቅርቦት ይጠይቃል። ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት መጨመር ይችላል፤ ይህ መሣሪያ በስንት ሰው ላይ ተፈተነ፣ ከእነሱ ስንቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ነበረው፣ ከ70 እስከ 85 በመቶ ባለው ክልል የእነሱ ስህተት ለብቻው ስንት ሆነ? አምራቹ ይህን ሰነድ ካለው ያቀርባል። ከሌለው መሣሪያው ለእኛ ጣት ገና አልተፈተነም ማለት ነው፤ ገዢውም ሳይፈርም ይህን ማወቅ መብቱ ነው። የደም ጋዝ መመርመሪያ ባላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ደግሞ ሐኪሙ ለሌላ ምክንያት ደም ባስቀዳ ቁጥር በዚያው ደቂቃ የጣቱን ቁጥር፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የበሽተኛውን የቆዳ ደረጃ አብሮ ማስመዝገብ ይችላል። ሾዲንግና ባልደረቦቹም የቆዳ ደረጃ ባይመዘግቡም የሠሩት ይህን የመሰለ ነው፤ ለእነሱም አዲስ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ የነበራቸውን መዝገብ ገልጠው አነበቡት።